ድንኳኑ ከተነቀለ በኋላ
አባቱን ለቀበረ ወጣት የተሰጠ ምክር

ልጄ፣ የአባትህን ነፍስ ይማር፤ አንተንም እግዜር ያጽናህ።

እኔ በሰፈራችን እድር ጸሐፊነት ረጅም ዘመን ያሳለፍኩ ሰው ነኝ። ጡሩምባ ሲነፋ መዝገብ ይዤ እወጣለሁ፤ ድንኳን ሲተከል አግዳሚ ወንበር እቆጥራለሁ፤ ሲነቀል የጎደለውን ሰሐን እመዘግባለሁ። በዚህ ሥራ ላይ ያለ ሰው ብዙ ነገር ያያል። አባቱ የሞተበት ወጣት እንዴት እንደሚቆም፣ እንዴትም እንደሚወድቅ አይቻለሁ። ሐዘኑን የተወጡት ሁሉ ልበ ጠንካሮች አልነበሩም፤ ጓደኛ ሲመጣ በራቸውን የከፈቱ ነበሩ። አገራችን ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ሥርዓት አበጅታለች። ለቀብሩና ለሰባቱ ቀን እድር አለ፤ ለአርባው ቤተ ክርስቲያን አለች። ከዚያ በኋላ ላለው ረጅም ጊዜ ግን የተበጀ ሥርዓት የለም። ያንን ከጓደኞችህ ጋር ሆነህ የምታበጀው አንተ ነህ።

1. መርዶ በጽሑፍ አትላክ

በደንባችን መርዶ የሚነገረው ማለዳ ነው። ሌሊቱን ተኝቶ ይደር፣ ሥራም ሳይወጣ ይደረስበት ተብሎ፣ ሰውየው የሚያከብራቸው ሰዎች ተሰብስበው በሩን ያንኳኳሉ። ነግረውትም ወዲያው አይሄዱም፤ አብረውት ይውላሉ። ዛሬ ግን የአባቱን ሞት ፌስቡክ ላይ «ነፍስ ይማር» ከሚል ጽሑፍ የሚያነብ ልጅ አለ። ወንድምህ ዋሽንግተን ቢኖር፣ እህትህ ሪያድ ወይም ቤይሩት ብትሆን፣ ማንም ምንም ከመለጠፉ በፊት እዚያ ያለ ጓደኛቸውን ፈልግ። ሁለት ሦስት ሰው ይዞ ቤቱ ድረስ እንዲሄድ ለምነው። በሰው ቤት ተቀጥራ የምትኖር እህት ደግሞ እንደ ልቧ መውጣት አትችልም፤ አሠሪዎቿ ፊት ብቻዋን ከምትሰማ ይልቅ የአገሯ ልጆች በተሰበሰቡበት ብትረዳ ይሻላታል።

ለቀብሩ ያልደረሰም ባለበት አገር ለቅሶ ይቀመጥ። ቤቱን ይክፈት፤ ጓደኞቹ ምግብ ይዘው ይምጡ፤ የአባቱን ፎቶ ያስቀምጥ። ቀብር ያላየ ሰው አባቱ አሁንም አገር ቤት ያለ እየመሰለው ሐዘኑን ለዓመታት ያጓትታል።

2. አልቅስ፤ አብሮህ የሚቀመጠውንም ጓደኛ ለይ

«ወንድ ልጅ አያለቅስም» የሚልህን አትስማው። የዚህ አገር ጀግና የተሸኘው በሙሾ ነው፤ ፈረሱ ተጭኖ፣ ጠመንጃውና ልብሱ ወጥቶ፣ አልቃሿ ታሪኩን እየደረደረች፣ ወንዱም ሴቱም እያነባ። ክርስቲያን ከሆንክ ኢየሱስ በአልዓዛር መቃብር ማልቀሱን ታውቃለህ። ሙስሊም ከሆንክም ነቢዩ ሙሐመድ ልጃቸው ኢብራሂም ሲሞት ማንባታቸውን ታውቃለህ። ሃይማኖት የሚከለክለው ፊት መንጨትንና ተስፋ መቁረጥን ነው፤ እንባን የከለከለ የለም።

አንዳንዱ ጓደኛ ገና እንባህ ሲመጣ «በቃ፣ በቃ» ይልሃል። ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ማየት ስለማይችል ነው። ሌላው ደግሞ ሶፍት ያቀብልህና ዝም ብሎ ከጎንህ ይቀመጣል። በከበደህ ሰዓት የምትጠራው ይህን ሁለተኛውን ነው።

3. «ምን ልርዳህ?» ላለህ ሁሉ ሥራ ስጠው

ጓደኞችህ መጥተው «ምን ልርዳህ?» ሲሉህ «ምንም፣ መምጣታችሁ ይበቃል» ማለት ለምደሃል። ይሉኝታህን ተው። ባዶ እጁን የተቀመጠ ጓደኛ አንድ ቀን ቁጭ ብሎ ይሄዳል፤ ሥራ የያዘ ጓደኛ ግን በማግስቱም ይመለሳል።

የእድርን ድርሻ ለእድር ተውለት። በከተማ እድር በተለይ ከጣሊያን ወረራ በኋላ የተስፋፋው ከየአገሩ መጥቶ የሰፈረው ሰው ወገን ርቆት ቀባሪ እንዳያጣ ነው። ድንኳኑን፣ ወንበሩን፣ ድስቱን፣ ለቀብር የሚሰጠውን ገንዘብ እኛ እናውቅበታለን። እናትህ የደም ግፊት ኪኒኗን በስንት ሰዓት እንደምትውጥ ግን እድር አያውቅም። ይህን የሚያውቅ ጓደኛ ያስፈልግሃል።

ስለዚህ እንዲህ አከፋፍል። አንዱ ስልክህን ይያዝ፤ የሚደውለውን እያነጋገረ የቀብሩን ሰዓትና ቦታ ይንገር። አንዱ ደብተር ይያዝ፤ የገባውን ገንዘብ፣ የወጣውን ወጪ፣ ደረሰኙንም ሳይቀር ያስቀምጥ። ይህ ደብተር ኋላ ከወንድምና ከእህት ጋር ከሚመጣ ጭቅጭቅ ያድንሃል። አንዷ እናትህን ትጠብቅ፤ መብላቷን፣ መድኃኒቷን መውሰዷን፣ ትንሽ ጋደም ማለቷን ትከታተል። አንዱ ታናናሾችህን ከድንኳኑ ግርግር አውጥቶ ቤቱ ይውሰዳቸው። ብዕር የሚቀናው ደግሞ በቀብሩ ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ ይጻፍልህ፤ አንተ እየነገርከው እሱ ይጻፍ፤ ዓመተ ምሕረቱንና የዘመድ ስሙን ግን ከመነበቡ በፊት አንድ ሽማግሌ ይየው። የተዘለለ የእንጀራ ልጅ ወይም የተረሳ እህት ስም መቃብር ላይ ቂም ይተክላል።

4. በሌሊቱ ሳቅ አትፈር

ቀኑ የዘመድና የጎረቤት ነው፤ ሌሊቱን ግን ለጓደኞችህ ተው። ድንኳኑ ውስጥ ያድራሉ፤ ካርታ ይጫወታሉ፤ ቡና ይፈላል፤ አንዱ አባትህ ያደረገውን የሚያስቅ ነገር ያነሳና ሳቅ ያመልጥሃል። ወዲያው «አባቴ ሞቶ እስቃለሁ?» ብለህ ትደነግጣለህ። አትደንግጥ። አዳሪዎች በለቅሶ ቤት የሚጫወቱት ሐዘንተኛው ሌሊቱን ብቻውን እንዳይጋፈጠው ነው፤ ይህን አባትህም ለሌሎች ሲያደርግ ኖሯል።

5. አነጋገራቸውን አትመዝን

«እግዜር ያጽናህ»፣ «አላህ ሶብሩን ይስጥህ» የተባሉት ቃላት የተበጁት ሰው ምን እንደሚል ሲጠፋው እንዲይዛቸው ነው። ችግር የሚመጣው ከእነዚህ ወጥቶ የራሱን ሲጨምር ነው። «ዕድሜ ጠግበው ነው የሞቱት» ይልሃል። «ከሥቃይ ተገላገሉ» ይልሃል። ገና በ22 ዓመትህ «እንግዲህ የቤቱ አባት አንተ ነህ» ብሎ ይጭንብሃል። ቃሉን ትተህ መምጣቱን ያዝለት።

ጭራሽ ያልመጣውን የቅርብ ጓደኛህንም ቶሎ አትፍረድበት። የራሱ አባት የታመመበት ይሆናል፤ ወይም ለቅሶ ቤት መግባት የሚያስፈራው ነው። በሁለተኛው ሳምንት ራስህ ደውልለት። ቀርቶ የዘገየ ሰው ኀፍረቱ ስለሚይዘው፣ ካልጠራኸው እንደ ቀረ ይቀራል።

6. ሐዘን ላይ ሆነህ ብቻህን አትፈርም

ይህን የምነግርህ ብዙ ቤት ሲፈርስ ስላየሁ ነው። ሞት ወረቀት አለው፤ ወረቀቱም ጊዜ አለው።

ተቀጣሪ ከሆንክ፣ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አባትህ ሲሞት ደመወዝ የሚከፈልበት የ3 የሥራ ቀን ፈቃድ አለህ። ለአለቃህ ራስህ መደወል ካቃተህ የሥራ ባልደረባህ ይንገርልህ። ሞቱን በ30 ቀን ውስጥ በወረዳው የወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት አስመዝግብና የሞት የምስክር ወረቀት አውጣ፤ ያለዚያ ባንክም ፍርድ ቤትም ጡረታ ቢሮም አያስተናግድህም። አባትህ በሕይወት ሳለ የሰጠህ ውክልና ካለ በእሱ አትንቀሳቀስ፤ ውክልና ከሰጪው ሞት ጋር ይቀራል። ከዚያ በኋላ የሚያስኬድህ ከፍርድ ቤት የሚወጣው የወራሽነት ማስረጃ ነው።

ከሁሉ በፊት የእናትህን ነገር እወቅ። በጋብቻ ያፈሩት የጋራ ሀብት ግማሹ የእሷ ነው፤ ያ ግማሽ ውርስ አይደለም። ለወራሾች የሚከፋፈለው የአባትህ ድርሻ ብቻ ነው። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ልጆች ሁሉ እኩል ይወርሳሉ፤ ሴት ወንድ፣ ታላቅ ታናሽ አይባልም። አባትህ የመንግሥት ወይም የግል ድርጅት ጡረታ ያለው ከሆነ እናትህ ግማሹን ታገኛለች፤ 18 ዓመት ያልሞላቸው ልጆችም የራሳቸው አበል አላቸው። «ለአባትህ አበድሬው ነበር» ብሎ የሚመጣ ቢኖር በወረቀት ያሳይህ፤ ውርሱ ሳይጣራ ከኪስህ አውጥተህ አትክፈል።

በአርባው ቀን ውስጥ የሽያጭም፣ የክፍፍልም፣ የመልቀቂያም ወረቀት ቢቀርብልህ «ከአርባው በኋላ» በል። ቢሮ ስትሄድም አንድ ያላዘነ ጓደኛ ይዘህ ሂድ። አንተ ሰምተህ የማትይዘውን እሱ ይይዘዋል፤ ያላነበብከውንም ያነብልሃል።

7. ለተዝካር አትበደር

ለነፍሱ ጸሎት ማስደረግ፣ ለድሃ ማብላት መልካም ነው። በሙስሊም ወገኖቻችን ዘንድም ለሟች ሰደቃ ይወጣል። ጸሎቱ ግን በድግሱ ስፋት አይለካም። በሬ ሸጦ፣ መሬት በወለድ አግድ አስይዞ ተዝካር ያወጣ ገበሬ ልጆቹን ለዕዳ ጥሎ እንደኖረ ሽማግሌዎች ሲነግሩን አድገናል። ዛሬም በከተማ ለሰርግ እንደሚደገሰው ለአርባ የሚደግስ አለ።

ዘመድ «የእገሌ አርባ እንዲህ ሆኖ ነበር» ሲልህ ብቻህን መመለስ ይከብድሃል። ጓደኞችህ የሚጠቅሙህ እዚህ ላይ ነው። አንዱ አንደበተ ርቱዕ፣ ከእናትህ ጋር ተመካክሮ፣ «አቅማችን ይህ ነው፤ ካህናቱና ነዳያኑ ይበላሉ» ብሎ በመላው ቤተሰብ ፊት ይናገርልህ። ከባዕድ አፍ ሲወጣ ዘመድም ይቀበለዋል።

8. ከአርባው በኋላ ለራስህ ቀን ቁረጥ

ሣልስቱ፣ ሰባቱ፣ አርባው፣ ሰማንያው፣ ሙት ዓመቱ ሁሉም ያውቃቸዋል። በመካከላቸው ያሉት ተራ ቀናት ግን ስም የላቸውም፤ ሰውም የሚሰበረው በእነሱ ነው። ደመወዝ በተጨመረልህ ቀን ጣትህ ሳታውቀው ወደ አባትህ ስልክ ቁጥር ይሄዳል። ታክሲ ሰልፍ ላይ ከኋላው እሱን የመሰለ ሰው ታያለህ። እንቁጣጣሽ ሲመጣ ዶሮውን የሚያርደው፣ ድፎውን ባርኮ የሚቆርሰው እጅ የለም፤ ሁሉም ይተያያል።

በዚህ ጊዜ ጓደኞችህ ወደየኑሯቸው ተመልሰዋል። አልከዱህም፤ ጥቁር ልብስህን ስታወልቅ የዳንክ መስሏቸዋል። ስለዚህ አንተ ንገራቸው። ከአንድ ጓደኛህ ጋር የማይዛነፍ ቀን ቁረጥ፤ ቅዳሜ ከሰዓት ቡና ይሁን፣ እሁድ ጠዋት የእግር መንገድ ይሁን። ሁልጊዜ ስለ አባትህ ማውራት የለባችሁም። ኳስም አውሩ፣ የኑሮ ውድነትም አውሩ። ዋናው ነገር የከፋህ ቀን ድንገት ሰው ፍለጋ እንዳትወጣ አስቀድሞ የተዘጋጀ ሰው መኖሩ ነው። ሲከፋህም ማድበስበስ የለም፤ «ዛሬ አባቴ ትዝ ብሎኛል፣ ና» በል። ይህን ያህል አጭር ቃል ተልኮለት የማይመጣ ጓደኛ ጥቂት ነው።

ለመጀመሪያው በዓል ደግሞ አስቀድማችሁ ተመካከሩ። ድፎውን ማን እንደሚቆርስ ከዋዜማው ይወሰን፤ አንድ ጓደኛህም ለምሳ ይጠራ። እንግዳ ያለበት ገበታ ላይ ቤተሰቡ ይበረታል።

9. አባትህን እንደነበረ አስበው

ቀብር ላይ የሚነበበው የሕይወት ታሪክ ሰውን ሁሉ ደግ፣ ሁሉን ሃይማኖተኛ ያደርጋል። የአንተ አባት ግን የሚጠጣ፣ የሚመታ፣ ወይም ልጅ ሳለህ ጥሎህ የሄደ ሊሆን ይችላል። ተኳርፋችሁ ሳለ ሞቶ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ሐዘን ከሌላው ይከፋል፤ ለቀስተኛው ሁሉ ሲያመሰግነው አንተ ውስጥህ ቁጣ አለ፤ ቁጣህም ያሳፍርሃል።

ይህን ለሁሉ አትንገር። ምስጢር ለሚይዝ ለአንድ ጓደኛህ፣ ነፍስ አባት ካለህም ለእሳቸው ንገር። ሰውን መውደድና በሰው መቆጣት ባንድ ልብ ውስጥ አብረው ይኖራሉ፤ አንዱን ለማቆየት ሌላውን መዋሸት የለብህም። ሳትታረቀው የሞተብህ ከሆነም፣ እሱ የበደለው ሰው ወይም ያልከፈለው ዕዳ ካለ አጣርተህ ካስለት። ያ በአንተ በኩል ያለው ዕርቅ ነው።

10. የአባትህን ጓደኞች ጠይቅ

«አባት ሳለ አጊጥ፣ ጀንበር ሳለ ሩጥ» ይባላል። አባት ሲሄድ የሚተርፍህ ጥላ የአባትህ ወዳጆች ናቸው፤ ወጣቶችም ቶሎ የሚረሱት እነሱን ነው። በለቅሶው ወቅት ጥግ ይዘው ከተቀመጡት ሽማግሌዎች አንዱ አባትህን ከአንተ በፊት ብዙ ዓመት የሚያውቀው ነው። እሱም ጓደኛው ሞቶበታል፤ ግን ጥቁር የሚለብስለት፣ «እግዜር ያጽናህ» የሚለው ብዙ ሰው የለም።

ከወር በኋላ ቤቱ ሂድ። «አባቴ በእኔ ዕድሜ ምን ይመስል ነበር?» ብለህ ጠይቀው። የማታውቀውን አባትህን ይነግርሃል። ኋላም ስታገባ ሽማግሌ ሆኖ የሚላክልህ፣ ከወንድምህ ብትጣላ የሚያስታርቃችሁ እሱ ነው።

ከታሪካችን አንድ ልንገርህ። ራስ መኰንን በመጋቢት 1898 ዓ.ም. ቁልቢ ላይ ሲያርፉ ልጃቸው ተፈሪ ገና 13 ዓመቱ ነበር፤ እናቱንም በጨቅላነቱ አጥቷል። የአባቱ ዘመድና የረጅም ዘመን ጌታ የነበሩት አጼ ምኒልክ ልጁን አዲስ አበባ አስመጥተው በቤተ መንግሥት አኖሩት፤ አስተማሩትም። ከጎኑ ደግሞ ሐረር ላይ አብሮት ያደገና አብሮት የተማረ እኩያውና ዘመዱ ልጅ እምሩ ነበር። ተፈሪ ኋላ አጼ ኃይለ ሥላሴ ተብሎ በ1928 ዓ.ም. ከአገር ሲወጣ፣ አገር ውስጥ እንደራሴ አድርጎ የተወው ያንኑ አብሮ አደጉን ራስ እምሩን ነው። አባቱን ያጣ ልጅ ከላይ የአባቱ ወገን፣ ከጎኑ የራሱ ጓደኛ ሲኖረው መቆም እንደሚችል ከዚህ እይ። አንተ ቤተ መንግሥት አያስፈልግህም፤ ሁለቱ ዓይነት ሰው ግን ያስፈልግሃል።

11. ሐዘኑ ወደ በሽታ ሲዞር ለይ

ልብህ ሲከብድ መጠጥ ቤት ብቻ የሚወስድህን ጓደኛ ለጊዜው ራቀው። አረቄ ሌሊቱን ያስረሳህና ጠዋት እጥፍ አድርጎ ይመልስብሃል።

ሐዘን በራሱ በሽታ አይደለም፤ እየመጣ እየሄደ፣ እየራቀ ይቀላል። ግን ከስድስት ወር በኋላም እንደ መጀመሪያው ቀን ሆኖ ከቀረ፣ እንቅልፍና ምግብ ከከለከለህ፣ ሥራህን ወይም ትምህርትህን ካስተወህ ሐኪም አማክር። ጠበል የምትሄድ ከሆነም ሂድ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። አዲስ አበባ ውስጥ አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል አለ፤ በሌሎች ሆስፒታሎችም የአእምሮ ሕክምና ክፍል ታገኛለህ። «አባቴን ልከተለው» የሚል ሐሳብ ከመጣብህ ግን ወር አትጠብቅ፣ ማለዳም አትጠብቅ፤ በዚያው ሰዓት ጓደኛህን ቀስቅሰህ ንገረው፤ ብቻህንም አትደር። አንተም ጓደኛ ሆነህ ይህን ቃል ከሰማህ፣ ቀልድ ነው ብለህ አትለፈው፤ አብረኸው እደርና ጠዋት ሐኪም ጋ ውሰደው።

12. ብድሩን በጊዜው መልስ

ለቅሶ ብድር ነው። በመጀመሪያ የአባትህ የእድር አባልነት እንዳይቋረጥ ደንቡን ጠይቅና ወርኃዊ መዋጮውን በእናትህ ስም አስቀጥል፤ አንተም ራስህን ችለህ ስትወጣ ባለህበት ሰፈር ተመዝገብ። «ገና ወጣት ነኝ፣ ምን ያደርግልኛል?» የሚሉ አሉ፤ እድር የሚገባው ለመቀበር ብቻ ሳይሆን ለመቅበርም ነው።

ከዚያ የጓደኛህ አባት የሞተ ቀን ቀድመህ ድረስ። ስልኩን ያዝለት፤ ደብተሩን ክፈትለት፤ እናቱን ተመልከትለት፤ ሌሊቱን እደርለት። ሰባቱን ቀን ሰው ሁሉ ይመጣል፤ አንተ አርባው ባለፈ በማግስቱም ሂድ። ምን እንደምትለው አትጨነቅ፤ የዚያን ቀን ምን እንደሚያስፈልገው ከብዙ ሰው ይልቅ አንተ ታውቃለህ።